በቡና ገለባ የተቀበረው ቴስታታ

ሥራ ያቆምኩት ጣቶቼ ስለከዱኝ ነው። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፤ ለዓይን ግን መነጽር አለው። ለጣት መነጽር የለውም። የእኔ ሥራ ደግሞ የጣት ሥራ ነበር። ፋብሪካው ብረት ላይ የመታውን ቁጥር፣ ዝገት ከበላው በኋላ እንኳ፣ በአውራ ጣቴ ዳብሼ አነበው ነበር። አሁን በቅርቡ አንድ ሰው ፒስቶን ይዞ መጣና «እትዬ ወይንሸት፣ ይቺን እዩልኝ» አለኝ። ዳበስኩ። አገላብጬ ዳበስኩ። ብረቱ ዝም አለኝ። «ነገ ና» አልኩት። በነጋታውም ያው ነው። ሱቄን የዘጋሁት በዚያው ሳምንት ነው። አሁን ቤቱን ተከራይተው የባጃጅ ጎማ ይሸጡበታል።

ምን ትሠሪ ነበር ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር አይደለም። የድሮ የእሽቅድምድም መኪናዎችን የሞተር ዕቃ ከውዳቂ ብረት መሃል እለያለሁ፣ የለየሁትን አድሳለሁ። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። የለም። ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፣ እኔና ጋሽ ተማም። አሁን ደግሞ ማንም የለም።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ሥራ የጀመርኩት በልዋጭ ነው። ፕላስቲክ ሳህንና ጆግ በራሴ ተሸክሜ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያልኩ ከጅማ፣ ከጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ተነስቼ ሰቃ፣ አጋሮ፣ ጌራ፣ ሊሙ ድረስ እዞራለሁ። አዲስ ሳህን እሰጣለሁ፣ አሮጌ ልብስና ውዳቂ ብረት እቀበላለሁ። እናንተዬ፣ የሰው ጓዳ ውስጥ ያላየሁት የለም! የመኪና ባሌስትራ ለበር መቀርቀሪያ፣ የካምቢዮ ጥርስ ለሚዛን ድንጋይ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ለንብ ቀፎ። በቡና አገር የሚጣል ብረት የለም፤ ስሙን ይቀይራል እንጂ።

አንድ ቀን አጋሮ ዳር አንዲት ሴትዮ ነጭ ሽንኩርት ሲወቅጡ ደረስኩ። ሙቀጫቸው እጅግ ታምራለች። ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ እንደ ብር ታበራለች። በአረንጓዴ ሳህን ለወጥኳቸውና ያገኘሁትን ብረት ሁሉ ይዤ ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው የጋሽ ተማም ጋራዥ ገባሁ። ብረት የምሸጥላቸው እሳቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ የጅማ ሰው። ቤታቸውም ጋራዣቸውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

ሙቀጫዋን ሲያዩ ተነሱና እጃቸውን ታጠቡ። ገረመኝ። መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው፤ እሳቸው ግን ሁልጊዜ ዕቃ ከመንካታቸው በፊት ነበር የሚታጠቡት፣ ያንን በኋላ ነው ያወቅኩት። «ቢስሚላህ» ብለው አነሷት። ገለበጧት። ጫፏን በጣታቸው ዞሩት። ከዚያ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

«ከየት አመጣሻት?»

«ከአጋሮ። ነጭ ሽንኩርት ይወቀጥባት ነበር።»

አሸተቷት። «ያ ራቢ!» አሉና ሳቁ። ሲስቁ እንባቸው መጣ፤ ሽንኩርቱ መሰለኝ።

ሽንኩርቱ አልነበረም። ሙቀጫ ያልኳት ፒስቶን ነበረች፣ አናቷን ደግሞ በወጣትነታቸው በገዛ ሊማቸው የሞረዱት እሳቸው ናቸው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ አንድ ክልስ የቡና ነጋዴ ጋ ይሠሩ ነበር። ሰውየው የእሽቅድምድም መኪና ነበረው። ሞተሩን ፈትቶ መግጠም፣ ማስተካከል የጋሽ ተማም ሥራ ነበር። ለውጡ ሲመጣ ሰውየው ከአገር ወጣ፣ መኪናው ተወረሰ፣ ሞተሩም ተነቅሎ ቡና መፈልፈያ እንዲያዞር ተተከለ። ለውድድር የተሠራ ሞተር ቡና ሲፈለፍል ስንት ቀን ይቆማል? ተሰበረ፣ ተፈታ፣ ክፍሎቹ በየቡና ከተማው ተበተኑ። ጋሽ ተማም ዋናውን የሞተሩን አካል ብቻ አግኝተው ጋራዣቸው ጥግ አስቀምጠውታል። የቀረውን ይፈልጋሉ።

«ይኼ ሞተር ሲነሳ የሰማ ሰው ከእኔ በቀር በሕይወት የለም» አሉኝ። «ሳልሞት አንድ ጊዜ ልስማው። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አንቺም ትሰሚዋለሽ። አንድ ሰው እንኳ ይስማው።»

እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ማለቴ፣ መቀጠር ከተባለ። ጋራዡ በማኅበር በነበረበት ጊዜ ወረቀት ላይ «ጽዳት» ተብዬ ነው የተጻፍኩት፣ ለሴት መካኒክ የሚሆን ሳጥን ቅጹ ላይ ስላልነበረ። የማኅበሩ ሊቀመንበር «ጽዳቷ ደግሞ ለምንድነው ሁልጊዜ ሞተር ሥር የምትተኛው?» ይሉ ነበር። ጋሽ ተማም «ከሥር ነው የቆሸሸው» ይሏቸዋል። ክፍያው አንዳንዴ ነበር፣ አንዳንዴ አልነበረም።

ትምህርቴን ልንገራችሁ። ጋሽ ተማም አያስተምሩም፣ ያስይዙሃል። ሁለት ቢዬላ፣ ፒስቶኑን የሚገፋውን ዘንግ ማለት ነው፣ በሁለት እጄ ያስይዙኛል። «የቱ ነው የጭነት? የቱ ነው የውድድር?» የውድድሩ ይቀላል። ደግሞ ጎኑ ላይ የሻጋታው ስፌት የለበትም፤ ሰው ቁጭ ብሎ አጥፍቶታል፣ መሰንጠቅ ከዚያ ስፌት ስለሚጀምር። ጠርዙ ሁሉ እንደ ሳሙና ክብ ነው። ጣት አይቆርጥም። «የችኮላ ዕቃ ጣት ይቆርጣል» ይሉ ነበር።

ስንጥቅ መፈለጊያውም ያው በእጅ ነው። ዕቃውን በሽቦ አንጠልጥለህ በእንጨት መታ ስታደርገው ጤነኛ ከሆነ ይዘምራል፣ ከተሰነጠቀ እንደ ቆርቆሮ ያንቋርራል። ስንጥቁ የቱ ጋ እንደሆነ ለማየት ነጭ ጋዝ ትቀባለህ፣ በደንብ ትጠርጋለህ፣ የጠመኔ ዱቄት ትነሰንሳለህ። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ወጥቶ ጠመኔውን ያረጥበዋል፤ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታይሃል። ጋሽ ተማም ደግሞ ዕቃን ተበላሸ አይሉም። «ደከመ» ይላሉ። መሬት ላይ አያስቀምጡም፣ ጆንያ ላይ ነው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ልዋጬን አልተውኩም፤ ልዋጩ ነው ዓይን የሆነን። ጋሽ ተማም እግራቸው አይበረታም፣ ደግሞ ወንድ ሰው ጓዳ አያስገቡትም። እኔ ግን ሳህኔን ይዤ እገባለሁ። ለሌላ ሰው የሠራነውም ብዙ ነው። አዲስ አበባ ያለ ደላላ ሰምቶ ይመላለስ ጀመር፣ ውጭ አገር የድሮ መኪና ለሚያድሱ ሰዎች። አንዴ «የእሽቅድምድም ነው» ብሎ ካም ሻፍት አመጣ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን። ጉብታዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ የውድድር ይመስላል። በጣቴ ስዳስሰው ጫፉ ላይ ሸካራ ቀለበት አገኘሁ። የጭነት መኪና ዕቃ ላይ ብየዳ ጨምሮ አሳድጎ የሞረደው ሰው አለ። «ወንድሜ፣ ይህ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጎ ነው» አልኩት። ደላላው ሳይስቅ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ሌላ ጊዜ ግን ደህና ዕቃ ይዞ መጣ።

ትልቁ ነገራችን ግን ያ ጥግ ያለው ሞተር ነበር። አንድ ቢዬላ ከሊሙ፣ ሁለት ፒስቶን ከሰቃ፣ የተጎሳቆለ ካርቡራተር ከአንድ የጠላ ቤት መደርደሪያ። ባገኘሁ ቁጥር የጋሽ ተማም ባለቤት እትዬ ዘሀራ በር ላይ ይጠብቁኛል። ሞተሩን ጣውንቴ ነበር የሚሉት።

«ወይንሸት፣ ጣውንቴ ዛሬ እንዴት ናት?»

«አንድ ጥርስ አስገባንላት፣ እትዬ።»

«ተመልከቺ! እኔ ጥርሴ ከወለቀ ስንት ዘመኔ፣ ለእሷ ሲሆን ጥርስ አስተካካይ ሆነ!»

ጋሽ ተማም ከውስጥ «አንቺ እኮ ያለ ጥርስም ትጮሂያለሽ፣ እሷ ናት የማትጮኸው» ይላሉ። እትዬ ዘሀራ በሳቅ በሩን ይደገፋሉ። ግን እኚሁ ሴት ናቸው ከአሮጌ ጋቢያቸው ቆርጠው ለሞተሩ ልባስ የሰፉለት፣ ብርድ እንዳይመታት ብለው።

በመጨረሻ የጎደለው ቴስታታው ብቻ ሆነ። ቴስታታ የሞተር ክዳን ነው፤ ቫልቮቹ የሚቀመጡበት፣ ቤንዚኑ ከሥሩ የሚነድበት። ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ቢሟላ ሞተር አይነሳም። ለዚያ ሞተር የሚሆነው ደግሞ በዚያ ሞተር ልክ የተሠራው ብቻ ነው። ለዓመታት ፈለግኩ። ልጆቼን ዳርኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ አሁንም እፈልጋለሁ።

ያገኘሁት ጌራ ነው፣ አንድ ገበሬ ደጅ። ተገልብጦ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል፤ በአራቱ ጉድጓዶቹ የዝናብ ውሃ ተጠራቅሞ ዶሮዎች ይጠጡበታል። ለገበሬው ሳህን ስዘረጋለት «ዶሮዎቼ በምን ይጠጣሉ ታዲያ?» አለኝ። ለዶሮዎቹ አራት ጎድጓዳ ሳህን ሰጠሁት። «ኤዬ፣ አሁን ተግባባን» አለና እስከ መኪና መንገድ ድረስ ተሸክሞ አደረሰልኝ።

ጋሽ ተማም ያን ቀን እጃቸውን ሁለት ጊዜ ታጠቡ። አንጠልጥለው መቱት። አንቋረረ። በጠመኔ ስናየው በሁለት የቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ስንጥቅ አለ። ቴስታታው ደግሞ ጊዛ ነው፣ በሻጋታ የፈሰሰ ብረት። ጊዛ ብየዳ አይወድም። ቀዝቃዛውን ብትበይደው አጠገቡ ይሰነጠቃል፤ አግለህ ብትበይደውም ቶሎ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። የጅማ መካኒክ ለዚህ መላ አለው፣ የቡና ገለባ። ገለባ አይንቦገቦግም፤ ውስጥ ለውስጥ ቀስ ብሎ ይፋጃል። ዕቃውን ግማሽ በርሜል ውስጥ በገለባ ፍም አግለህ፣ ጠቆር ያለ ቅላት ሲይዝ ትበይዳለህ፣ ከዚያ እዚያው በርሜል ውስጥ በትኩስ አመድና በገለባ ትቀብረዋለህ። ገለባው ይጨሳል፣ ይጨሳል፣ ብረቱ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። ቀናት ነው የሚፈጀው። እስከዚያ አይነካም።

ብየዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የጋሽ ተማም እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። መሙያው ብረት እንኳ የራሱ እንዲሆን ብለን የዚያኑ ሞተር የተሰባበሩ የፒስቶን ቀለበቶች ነው ያቀለጥንበት። እሳቸው አጠገቤ ቆመው «ቀስ… ቀስ… ኢንተላ ኮ» ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው። ብየዳው ሲያልቅ ሁለታችንም ስንጥቅ አላየንም። ቀበርነው። «ከዚህ ሲወጣ ይገጠማል፣ ሲገጠም ይነሳል፣ ኢንሻላህ» አሉ። ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ። እትዬ ዘሀራ ከበር «ጣውንቴ ልትናገር ነው?» አሉ። «ልትናገር ነው» አልናቸው። «እንግዲያው እኔም ቀሚሴን ላጥብ» አሉ።

በነጋታው እትዬ ዘሀራ ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ ወደቁ። ደም ግፊት ነው አሉ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ።

እኔ ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። በሙስሊም ደንብ ሬሳ አይውልም፤ ሁሉም ይሯሯጣል። ሴቶቹ ለእጥበት ውስጥ ገቡ፣ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ። እኔ ለዉዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ የሚሆን ውሃ በጀሪካን እያመላለስኩ ደጅ ደረደርኩ። እያለቀስኩ ነው የማመላልሰው። በርሜሉን፣ እውነቴን ነው፣ አላሰብኩትም። እትዬ ዘሀራን ነው የማስበው።

ግቢው ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ እስከ ጋራዡ በር ደረሰ። በርሜሉ ከድንኳኑ ግድግዳ ሥር ሆነ፣ ይጨሳል። ጎረቤታችን ከድር፣ ልብስ ሰፊው፣ አየው።

«ኧረ ይሄ በርሜል እሳት አለበት! ድንኳኑ ናይለን ነው እኮ፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች!»

«አውጡት!» አለ አንዱ።

«ይፋጃል፣ አይያዝም። ውሃ! ውሃ!»

ከድር ያነሳው እኔ የደረደርኩትን ጀሪካን ነው። ከበሩ ሆኜ አየሁት። «ከድር!» ብዬ ጮህኩ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚጮህ ሰው ማን ይሰማል? ውሃውን ገለበጠው። እንፋሎቱ ድንኳኑን ሞላው። ከእንፋሎቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፣ ቋ! እንደ ደረቅ እንጨት። ሰዎቹ «ወይኔ፣ ጠፋ፣ ተመስገን» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጋሽ ተማም ድንኳኑ መሃል የሰው እጅ እየጨበጡ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ቀና አሉ። አየኋቸው፤ አዩኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ምን እንደሆነ ያወቅነው እኛ ሁለታችን ነን። ወደ በርሜሉ ልሄድ ስል ራሳቸውን አንድ ጊዜ ነቀነቁ፣ አትሂጂ። አልሄድኩም።

ከቀብር መልስ አጠገባቸው ስቀመጥ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «አትንገሪኝ» አሉ። «ዛሬ የማለቅሰው ለማን እንደሆነ እንዳይምታታብኝ።»

ከድር ያኔ መጣና «ጋሽ ተማም፣ ያ በርሜል አንድ ነገር ሊያደርገን ነበር፣ አላህ ነው ያተረፈን» አላቸው። ጋሽ ተማም እጁን ይዘው «ጀዛከላህ ኸይር፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑት። ከልባቸው ነው ያሉት። ከድር እስከ ዛሬ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እስከ ዛሬ ያንን ቀን ያነሳብኛል፣ ድንኳኑን እንዴት እንዳተረፈው። እኔም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ደግ ሰው ነው።

ለቀስተኛው ሲቀንስ በርሜሉን ከፈትኩ። ጋሽ ተማም ከክፍላቸው ሳይወጡ «ስንጥቁ እስከ የት ነው?» አሉኝ።

«ከዳር እስከ ዳር።»

«እሺ» አሉ።

ብየዳው የያዘ ነበር፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። የሠራነው ቦታ አልተነቃነቀም። የተሰነጠቀው ሌላው አካሉ ነው፣ ሙሉውን። እንደገና ልበይደው ብዬ ልሞርደው ስሞክር ሊማዬ ብርጭቆ ላይ እንዳለ ተንሸራተተ። ውሃው ጊዛውን አጠንክሮታል። እንዲህ ከሆነ በኋላ አይሞረድም፣ አይበሳም፣ አይበየድም። ለደላላው ነገርኩት፤ ውጭ አገር ጠየቀ፣ ሌላ ቴስታታ የለም ተባለ። እኔ ግን ሳህኔን ይዤ እንደገና ዞርኩ። ጌራ፣ ሊሙ፣ ሰቃ፣ አጋሮ። በዚያን ጊዜ ቤቶቹ ሁሉ ቆርቆሮ በር አስገብተዋል፣ ጓዳው ሁሉ ፕላስቲክ ሆኗል፣ ውዳቂ ብረት ደግሞ በመኪና ተጭኖ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። እኔ ከመድረሴ ቀድሞ። ባዶ እጄን ስመለስ ጋሽ ተማም አይጠይቁኝም። ሻይ ያስቀዱልኛል፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ሞተሩ በእትዬ ዘሀራ ጋቢ እንደተሸፈነ ቀረ። ጋቢውን ከዚያ ቀን ወዲህ አልገለጡትም።

እሳቸውም ካረፉ ጊዜ ሆነ። ልጆቻቸው ግቢውን ሲካፈሉ ሞተሩን ለማን እንስጥ የሚል ነገር አልተነሳም። ቆራሌው ጭኖ ወሰደው። ቆሜ አይቻለሁ። የት ላስቀምጠው? ቤቴ የኪራይ ነው፣ በሩ እንኳ አያስገባውም።

ማታ ማታ የሚመላለስብኝ ግን የሞተሩ መጫን አይደለም። ጋሽ ተማም ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው ልጃቸው ቤት፣ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ተኝተዋል፤ ድምፃቸው ደክሟል፣ ልባቸው ግን አለ። ብቻችንን ስንሆን ለዓመታት ያልደፈርኩትን ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ተማም፣ እንዴት ነበር ድምፁ? እኔ እኮ አልሰማሁትም። እስቲ ይንገሩኝ፣ እኔ ልያዘው።»

ደስ አላቸው። ትራስ እንዳደርግላቸው ምልክት ሰጡኝና ቀና አሉ። አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። «ቆይ» አሉ። እንደገና ከፈቱ። «ዝናብ ቆርቆሮ ላይ… አይ። አይደለም። ከዚያ ቀጠን ይላል… ሲጀምር…» ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ጣሪያውን አዩ። ሲፈሩ አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ፈሩ።

ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ወይንሸት፣ አንቺ ታስታውሺዋለሽ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሽ ተማም» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ሰውነታቸው ላላ። «እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ።»

እኔ ወሬ አልቆብኝ የማያውቅ ሴት ነኝ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው አንድም ቀን ያልሰማሁትን ድምፅ እንድነግራቸው ጠበቁኝ።